ድንጋይ ባሕር ዳር ጠፋ?

መጋቢት ላይ ጢስ ዓባይን ለማየት መሄድ የባሕር ዳር ሰው የሚያደርገው ነገር አይደለም። ፏፏቴው የሚታየው በክረምትና በመስከረም ነው፤ ይህን ሕፃን ልጅም ያውቀዋል። እኛም ብንሆን ፏፏቴውን ብለን አልወጣንም። ብስክሌት ከከተማ አውጥተን ረጅም መንገድ መንዳት አምሮን ነበር። ባሕር ዳር ውስጥ ብስክሌት መንዳት ከባጃጅ ጋር መጋፋት ሆኗልና፣ ሦስት ሆነን ሳይነጋ ተነሣንና 30 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነውን መንገድ አቧራውን እየቃምን ተያያዝነው። ነገሩ ከሆነ ጥቂት ዓመታት አልፈዋል፤ መንገድ እንደ ልብ የሚኬድበት ጊዜ ነበር።

ስለ መንገዱ ብዙ አልልም። ታጭዶ ያለቀ ማሳ፣ ከኋላችን የሚሮጡ ልጆች፣ ዳገት ባየ ቁጥር የሚወልቅ ካቴና። ጢስ ዓባይ ደርሰን ብስክሌቶቹን አንድ ሻይ ቤት አደራ ሰጠንና፣ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን በተሠራው በአላታ ድልድይ ተሻግረን ዳገቱን ወጣን። በደህናው ጊዜ ነጠላና ቅል የሚሸጡ ሴቶች የሚደረደሩበት ቦታ ጭር ብሏል። አንዲት እናት ብቻ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው ጥጥ ይፈትላሉ። ፊታቸው የዘረጉት ነጠላ አቧራ ጠጥቷል። ሰላምታ ተለዋወጥን። ቀና ብለው አዩንና፣

«ልጆቼ፣ ውሃው በሌለበት ወር ምን ልታዩ መጣችሁ?» አሉን።

ከመካከላችን ቀልደኛዋ ጓደኛችን ናት። ሳታስብ፣ «ድንጋዩን ነዋ እማማ!» አለቻቸው።

እንዝርታቸውን አሾሩት፤ ክሩን ጠቀለሉ። ከዚያ ረጋ ብለው፣ «ምነው፣ ድንጋይ ባሕር ዳር ጠፋ?»

ሳቅን፤ እሳቸውም ሳቁ። «ውሃውን መብራት ወሰደው» ሲሉ አከሉ፤ ቅሬታም ሮሮም አልነበረበትም፣ ልጄ ከተማ ገባ እንደሚል ሰው ነበር የተናገሩት። ነገሩም እንዳሉት ነው። የመጀመሪያው የኃይል ማመንጫ እ.ኤ.አ. በ1964፣ ሁለተኛው በ2001 ሥራ ጀመሩና ወንዙን ከፏፏቴው በላይ እየጠለፉ በጎን አወረዱት። እ.ኤ.አ. በ2010 ደግሞ ጣና በለስ መጣና ከሐይቁ ምዕራብ በዋሻ ወደ በለስ ወንዝ ውሃ መውሰድ ጀመረ። እኔ በበኩሌ በዚህ አላዝንም። መብራት የሌለው ቤት ስለ ፏፏቴ ውበት ቢነግሩት አይሰማም። የእሳቸው ጥያቄ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ አብሮኝ ይዞራል። ቀልድ ነበር፤ ግን መልስ የሚፈልግ ቀልድ ሆነብኝ።

አውራ ጣት የሚገባበት ቀዳዳ

ወደ ገደሉ አፋፍ ወረድን። በነሐሴ ዓባይ 400 ሜትር ያህል ተዘርግቶ፣ 40 ሜትር ገደማ ቁልቁል የሚወረወርበት ቦታ ነው። ያን ቀን በአንድ ጥግ ብቻ ጥቂት ውሃ ይወርድ ነበር። ሌላው ሁሉ ጥቁር፣ ራቁቱን የቀረ ግድግዳ። በክረምት መርገጥ ቀርቶ መጠጋት የማይሞከርበትን ዐለት በሸራ ጫማ ረገጥነው። ፀሐይ ስለመታው በሶሉ በኩል ያቃጥላል። መጀመሪያ የተሰማኝ ነገር ኀፍረት ቢጤ ነው። ሰው ልብስ ሲቀይር ሳያንኳኩ የገቡበት ዓይነት። ዘወትር በጭስና በጩኸት ተሸፍኖ የማውቀው ቦታ እንዲህ ዝም ብሎ ተጋድሟል።

ሦስተኛው ጓደኛችን ጂኦሎጂ ያጠና ነው፤ አሁን ያስተምራል። ወሬ አያበዛም። እኛ ፎቶ ስንነሣ እሱ ቁጢጥ ብሎ ድንጋዩን ሲዳብስ ቆየና፣ አንዷ ቀዳዳ ውስጥ አውራ ጣቱን ከተተ።

«ይኼ አረፋ ነው» አለ።

«የምን አረፋ?»

«ድንጋዩ እየፈሰሰ ሳለ ውስጡ የነበረ ጋዝ። ሊወጣ ሲል ድንጋዩ ቀድሞ ደረቀበት።»

እኔም አውራ ጣቴን ከተትኩ። ልክክ አለች። ውስጧ ለስላሳ ነው፤ ከአፏ ይልቅ ወደ ውስጥ ትሰፋለች። እዚህ ላይ ነው ልቤ የቆመው። ምክንያቱም ይህን ድንጋይ አውቀዋለሁ። የሰፈራችን አጥር የተካበው በእሱ ነው። የቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር በእሱ ነው። በልጅነቴ ቅዳሜ ቅዳሜ እናቴ ተረከዜን የምትፈገፍግበት ሻካራ ድንጋይ የዚሁ ዘመድ ነበር። ቀዳዳዎቹን ስቆጥር አድጌያለሁ፤ ከምን እንደመጡ ግን ጠይቄ አላውቅም። ድንጋይ ቀዳዳ አለው፣ አለቀ። አሁን ግን እያንዳንዷ ቀዳዳ አንድ ጊዜ የተነፈሰች፣ ሁለተኛውን ትንፋሽ ሳትጨርስ የተያዘች መሆኗን ሰው ነገረኝ።

ጓደኛችን እጁን ወደ ሐይቁ አቅጣጫ ዘርግቶ ቀጠለ። ከጣና ደቡብ በኩል ከምድር የወጣ ቅልጥ ዐለት ያገኘው ዝቅተኛ መንገድ የድሮው ወንዝ ሸለቆ ነበር። በእሱ ገብቶ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ወረደ፤ ሸለቆውን ሞላው፤ እዚያው ረጋ። እኛ የቆምነው ከዚያ ፍሰት ላይ ነው። ዓባይ ኋላ መጥቶ ነው በላዩ ላይ መንገድ የፈለገው። እንግዲህ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው፦ መጀመሪያ ወንዝ፣ ከዚያ እሳት፣ ከዚያ እንደገና ወንዝ። ሁሉም በአንድ ጎዳና።

ይህን ስሰማ ብዙ ነገር በአንድ ጊዜ ነው የመጣብኝ። «ዓባይን ያላየ ምንጭ ያመሰግናል» ይባላል። እኔ ዓባይን አይቼ ያደግሁ ነኝ፤ ምንጭ አመስጋኞችን ስንንቅ ኖረናል። ግን የማውቀው ላዩን ነው። ስለ ዓባይ የተዘፈነውን፣ የተፎከረውን፣ የተጻፈውን ሁሉ ብትሰበስበው ስለ ውሃው ነው። ከሥሩ ያለውን ማንም አላመሰገነም። አስጎብኚዎቻችንም እንዲሁ ናቸው፤ ቁመቱን ይነግሩሃል፣ ስፋቱን ይነግሩሃል፣ ጭሱ ከስንት ርቀት እንደሚታይ ይነግሩሃል፣ ከዚያ «ዘንድሮ ውሃው ቀንሷል» ብለው ይቅርታ ይጠይቁሃል። ይቅርታ የሚጠየቅበትን ቦታ ረግጬ ስቆም ግን ከነሐሴው የበለጠ ነገር እያየሁ መሰለኝ። በነሐሴ ፏፏቴ ታያለህ፤ በመጋቢት ፏፏቴው ለምን እዚያ እንደሆነ ታያለህ።

ቀልደኛዋ ጓደኛችን ግን በዚህ አልተስማማችም። «እኔ የነሐሴውን እመርጣለሁ» አለች። «ይኼ አስከሬን ነው።» እስከ ዛሬም አልተስማማንም።

ማደሪያ

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ሁሉ ድንጋይ የማየት ጊዜ ሆነ። ባሕር ዳር ውስጥ በብስክሌት ስዞር ዓይኔ ወደ አጥር፣ ወደ መሠረት፣ ገበሬ ከማሳው ለቅሞ ዳር ላይ ወደከመረው ቁልል መሄድ ጀመረ። ቤዛዊት ኮረብታ ላይ ወጥቼ ዓባይ ከሐይቁ ሲወጣ ስመለከት፣ እንደ ድሮው ጉማሬ አልፈልግም። ወንዙ በየቦታው ለሁለት ለሦስት እየተከፈለ ጥቁር ድንጋይ ሲያቅፍ ነው የማየው።

«ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» ሲባል ሰምተን ነው ያደግነው። አሁን ይህ አባባል ሲነገር አፌን ይበላኛል። ማደሪያማ አለው። ጣና ነው። ግልገል ዓባይ ከሰከላ ተነሥቶ ሐይቁ ውስጥ ይገባል፤ መግባት ብቻ አይደለም፣ ያድራል፣ ይከርማል። ማደሪያውን የሠራለት ደግሞ ያው የፈሰሰ ድንጋይ ነው። መውጫው ሲደፈን ውሃው ወደ ኋላ ተኛ፤ የተኛው ውሃ ጣና ሆነ።

ጣናን ባሕር የምንለው በስፋቱ ነው። 3 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ጎርጎራን ከባሕር ዳር ሆነህ አታያትም። ጥልቀቱ ግን፣ እጅግ ጥልቅ በሚባለው ቦታ እንኳ፣ 15 ሜትር ገደማ ነው። ይህን ስሰማ ደንግጫለሁ። አራት ፎቅ ቤት መካከሉ ላይ ብታቆም ጣሪያው ደረቅ ሊቀር ይችላል ማለት ነው። ትሪ ላይ የፈሰሰ ውሃ ነው፤ የትሪው ጠርዝ ባይኖር አይቆምም ነበር። የሐይቁን ወለል ወግተው ደለሉን ያጠኑ ተመራማሪዎች ደግሞ ሌላ ነገር አግኝተዋል፦ ከ16 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ጣና ደርቆ ነበር። ረግረግ ሆኖ ደንገል በቅሎበት ነበር። ከዚያ ዝናቡ ተመለሰ፤ ከ15 ሺህ ዓመት ወዲህ ሞልቶ በጠርዙ ፈሰሰ። ጠርዙ ግን ዝናብ በሌለበትም ዘመን ከቦታው አልተነቃነቀም።

እ.ኤ.አ. በ1996 ጨረጨራ ላይ የውሃውን መውጫ የሚቆጣጠር ግድብ ሲሠራ ሰው ያደረገው ያንኑ ነው፤ እሳት በሠራው ጠርዝ ላይ ትንሽ ሲሚንቶ ጨመረ። ይህን ስል ሥራውን ማሳነሴ አይደለም። ቅድሚያው የማን እንደሆነ ለመናገር ያህል ነው።

«ማን ገብቶ ለካው?»

ጂኦሎጂስቱ ጓደኛችን ነገሩ እንደያዘን ሲያይ፣ «እንግዲያው ዘንገናን እዩ» አለን። በዚያው ዓመት ክረምት ሳይገባ ሚኒባስ ይዘን በመራዊ፣ በዱርቤቴ፣ በዳንግላ አድርገን እንጅባራ ገባን። ከባሕር ዳር ሙቀት የወጣ ሰው እንጅባራ ሲወርድ መጀመሪያ የሚፈልገው ጃኬት ነው። የአዊ አገር ነው፤ ፈረስ፣ ቀርከሃ፣ ድንች፣ ጭጋግ። ጥር 23 የአገው ፈረሰኞች በዓል ሲከበር ከተማው ሌላ ነው ይላሉ፤ እኛ የደረስነው ግን ማንም በማይጠብቀን ሰሞን ነው።

ዘንገና ከእንጅባራ ትንሽ አለፍ ብሎ፣ ከአዲስ አበባው አውራ ጎዳና ዳር ነው። አውቶቡስ ውስጥ የተኛ ሰው ሳያየው ያልፋል። በዛፍ የተከበበ ጠርዝ ላይ ትወጣና ቁልቁል ስታይ ክብ ውሃ አለ። ወደ ውስጡ የሚገባ ወንዝ አታይም፤ የሚወጣም አታይም። ከዳር እስከ ዳር 1 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጥልቀቱ ግን ከ160 ሜትር በላይ ነው። እስቲ ከጣና ጋር አስተያየው፤ ያኛው አገር ያህል ሰፍቶ 15 ሜትር፣ ይኼኛው በእግር ዞረህ የምትጨርሰው ሆኖ 160።

ለምን? ጓደኛችን ጠርዙ ላይ ተቀምጦ በዱላ መሬት ላይ እየሣለ አስረዳን። ጣናን የሠራው እሳት ፈሰሰ፤ መንገድ ዘጋ፤ ውሃው በቀስታ ተጠራቀመ። እዚህ ግን ወደ ላይ ሲመጣ የነበረው ቅልጥ ዐለት ከመሬት በታች ውሃ አገኘ። ውሃው ባንድ ጊዜ እንፋሎት ሆነ፤ እንፋሎቱ መውጫ ሲያጣ መሬቱን ሰንጥቆ ወደ ላይ በተነው። የቀረው ጉድጓድ ነው። ጉድጓዱን ዝናብና ምንጭ ሞሉት። በአንድ አገር፣ በሁለት ሰዓት መንገድ ልዩነት፣ ያው እሳት አንዱን በትዕግሥት አንዱን በቁጣ ሠራ።

ይህን ሲያስረዳ ፈረሱን ይዞ የቆመ አንድ ልጅ ያዳምጥ ነበር። ዐሥራ ሁለት ዓመት ቢሆነው ነው። «ጋሼ፣ ይኼ ሐይቅ መጨረሻ የለውም» አለ።

«160 ሜትር ነው» አለው ጓደኛችን።

«ማን ገብቶ ለካው?»

ጓደኛችን በድምፅ ሞገድ እንደሚለካ፣ ድምፁ ወለሉን መትቶ እስኪመለስ ያለው ጊዜ እንደሚቆጠር በትዕግሥት ነገረው። ልጁ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ሰማ። «ታዲያ ድምፁ መሬት መንካቱን ማን አየ?» አለ። ይህን የሚመስል ተማሪ ክፍሌ ውስጥ የለኝም ብሎ ጓደኛችን እስከ ማታ ሲስቅ ነበር።

ቁልቁለቱ ዳገት ከመውጣት የከፋ ነው። ሥር እየጨበጥን፣ በቂጣችን እየተንሸራተትን ውሃው ጋ ደረስን። እኔ ጣና ውስጥ ዋና የለመድኩ ነኝ፤ ጣና ላይ ከዳር ገብተህ ረጅም መንገድ በእግርህ ትሄዳለህ፣ ወገብህ ላይ ለመድረስ ይሰለችሃል። እዚህ አንድ እርምጃ ገባሁ፤ ጉልበቴን ነካ። በሁለተኛው እርምጃ እግሬ የሚያርፍበት አጣ። ቅዝቃዜው ትንፋሽ ይነጥቃል። ዳር ያለውን ሥር ይዤ፣ ከታቼ ያ ሁሉ ባዶ እንዳለ እያሰብኩ ጥቂት ተንሳፈፍኩ። ከዚህ በላይ ደፋር አይደለሁም። «እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ» የሚባለው ጣና ነው፤ ዘንገና አይስቅም። ልጁ ከላይ ሆኖ በአገውኛ የሆነ ነገር ጮኸ። ምን እንዳለኝ ስወጣ ጠየቅሁት። «ለፈረሱ ነው የተናገርኩት» አለ።

ጀልባው ላይ የቀረችው

ጣና ውስጥ ወዳለው ደቅ ደሴት የሄድነው ጠዋት ነው፤ ጣና ላይ ሁሉም ጉዞ ጠዋት ነው። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ይነሣል፤ ውሃው ጥልቅ ስላልሆነ ማዕበሉ አጭርና ተደጋጋሚ ነው፣ ጀልባውን እንደ መናጥ ያደርገዋል። ባለ ጀልባው ስድስት ሰዓት ላይ ተነሥተን እንደምንመለስ ገና ሳንሳፈር አስማለን።

ከደቅ አጠገብ ያለችው ደጋ ደሴት ከሩቅ ስትታይ ሾጣጣ ናት። ብዙ ጊዜ አይቻታለሁ፤ ሁልጊዜም ኮረብታ ነበረች። አሁን ግን ጓደኛችን ዝም ብሎ በጣቱ ሲያመለክታት ምን ሊል እንደፈለገ ገባኝ። ውሃው ባይኖር ሜዳ ላይ የቆመ የእሳተ ገሞራ ተራራ ናት። አናቷ ላይ ደጋ እስጢፋኖስ አለ። የዐፄ ይኩኖ አምላክ፣ የዐፄ ዳዊት፣ የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ፣ የዐፄ ፋሲለደስ ዐፅም ያረፈው እዚያ ነው። ሲያደርጉት አውቀውት አይደለም፤ ግን ነገሥታቱን እሳት ባቆመው ተራራ ላይ አስቀምጠው ዙሪያውን በውሃ አጥረዋል። ከዚህ የተሻለ ጥበቃ አላውቅም።

ደጋ ሴት አትገባም። ሥርዓቱን አከብራለሁ፤ ጓደኛችን ጀልባው ላይ ስትቀር ግን ምንም እንዳልተሰማኝ ማስመሰል አልፈልግም። እኛ ዳገቱን ወጥተን አንድ አባት ጋር ተቀመጥን። ጓደኛችን ስለ እሳቱ አጫወታቸው። አባ በጥሞና ሰሙና የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ተመልሶ ይመጣል?» ጓደኛችን እዚህ አካባቢ እሳቱ ከተኛ ረጅም ዘመን እንደሆነው፣ ዛሬ የነቃው ወደ አፋር እንደሆነ ነገራቸው። «ይተኛ» አሉ አባ፤ ሌላ አልጨመሩም። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2025 አፋር ውስጥ ሃይሊ ጉቢ ፈንድቶ አመዱ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ ሕንድ ሰማይ ድረስ መድረሱን ስሰማ መጀመሪያ ትዝ ያሉኝ እሳቸው ናቸው።

ስንመለስ ጓደኛችን ከባለ ጀልባው ጋር ወሬ ደርቶላት አገኘናት። እኛ ላይ ወጥተን ያላየነውን እሷ ታች ሆና ሰምታለች። ባለ ጀልባዎቹ ከሐይቁ ሥር ያለውን ድንጋይ በየቦታው ያውቁታል አለችን። ከጥር በኋላ ውሃው ሲቀንስ ወደ ላይ የሚቀርበው የትኛው እንደሆነ፣ የትኛው የሞተር ምላጭ እንደሚሰብር፣ በየትኛው በኩል ዞሮ እንደሚታለፍ። ካርታ የላቸውም። ልጅ ሆነው ረዳት ሳሉ ከነጂው ይማሩታል፤ ያልተማረው ከምላጩ ይማረዋል። እሷ «ድንጋዩን ነዋ» ያለችው ለቀልድ ነበር፤ ከሦስታችን ግን ድንጋዩን ከሚያውቀው ሰው ጋር ያወራችው እሷ ሆነች። ጂኦሎጂስቱ ጓደኛችን ትንሽ ቅናት ያዘው መሰለኝ፤ ደቅ ላይ እስካለው ናርጋ ድረስ ባለ ጀልባውን በጥያቄ አፋጠጠው።

ናርጋ ሥላሴ ላይ አብረን ወረድን። እዚያ ሴት ትገባለች፤ ያሠራችውም እቴጌ ምንትዋብ ናት። ሥዕሉን ብዙ ሰው ጽፎበታል፤ እኔ የምለው የለኝም። ግንቡን ግን ዳበስኩት። ስድስት ሰዓት አለፈ። ነፋሱ ተነሣ። ባለ ጀልባው እስከ ባሕር ዳር አላናገረንም።

ከጉና የመጣው

ሰው ሲሰማኝ ድንጋይ አምላኪ የሆንኩ ይመስለዋል። አይደለሁም። ድንጋዩን መከተል ስጀምር ያገኘሁት ነገር፣ ድንጋዩም እንደማይቆም ነው። ጣና ውስጥ ከሚገቡት ወንዞች መካከል ርብና ጉማራ የሚነሡት ከጉና ነው። ጉና ከ4 ሺህ ሜትር በላይ ነው፤ እሱም የጥንት እሳተ ገሞራ ነው፣ 10 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ሆኖታል። ያ ተራራ በየክረምቱ እየተፋቀ፣ እየላመ በእነዚህ ወንዞች ይወርዳል። ግማሹ ፎገራ ሜዳ ላይ ይቀራል፤ ሩዙ የሚበቅልበት አፈር እሱ ነው። ዛሬ ባሕር ዳር ውስጥ ስንቱ ቤት ጤፉ ላይ የፎገራ ሩዝ ይቀላቅላል። ስለዚህ ጉናን አላየሁም የሚል የባሕር ዳር ሰው ቢያንስ በልቶታል።

ሌላው ግማሽ ሐይቁ ውስጥ ይገባል። የሚያስጨንቀው ይህ ነው። 15 ሜትር የማይደፈን ጥልቀት አይደለም። ተራራው ላይ ዳገቱ ሳይቀር ሲታረስ፣ ዛፉ ሲያልቅ፣ የሚወርደው ይበዛል። ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ስለ እምቦጭ ስንጮህ ኖረናል፤ ትክክልም ነን፣ አረሙ ዓይን ውስጥ የሚገባ ጠላት ነው። ደለል ግን አበባ የለውም፤ ሐምራዊ አይደለም፣ ፎቶ አያምርም፣ ነቅለህ ዳር ላይ አትከምረውም። አረሙንም የሚያወፍረው ከማሳ ታጥቦ የሚመጣው ነው። አንዱ እሳተ ገሞራ ጠርዝ ሆኖ የያዘልንን ሐይቅ ሌላው እሳተ ገሞራ አፈር ሆኖ ሊሞላው ይችላል፤ በመካከሉ ያለነው ሰዎች ደግሞ ማረሻችንን ይዘን ፍጥነቱን እንወስናለን። ዘጌ ላይ ከጥንት ጀምሮ በበሬ አይታረስም፤ ቡናው ከጫካው ሥር ነው የሚበቅለው። የዘጌን የእግር መንገድ ያየ ሰው ከዝናብ በኋላ እንኳ ጥርት ያለ ውሃ ሲወርድ ያያል። ጉናን ዘጌ እናድርገው ማለቴ አይደለም፤ እዚያ ያለው ገበሬ የሚበላው ገብስ ነው እንጂ ቡና አይደለም። ምን ይደረግ ለሚለው እኔ መልስ የለኝም፤ መጀመሪያ ሄጄ ማየት ነው የምፈልገው።

ጉና እስካሁን አልወጣሁም። ዕቅዱ ከደቅ ስንመለስ የተያዘ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ሁሉም ያውቃል፣ መንገዱ አንድ ሰሞን ይከፈታል፣ አንድ ሰሞን ይዘጋል። ጂኦሎጂስቱ ጓደኛችን ርብን ተከትለን ከፎገራ ወደ ላይ በእግር እንውጣ ይላል። ቀልደኛዋ በመኪና እስከ ደብረ ታቦር ሄደን፣ ሽሮ በልተን፣ ከዚያ እናስብበታለን ትላለች። እኔ በዚህ ጊዜ ከእሷ ጋር ነኝ። ደብረ ታቦር ያለ የአክስቴ ልጅ ባለፈው ደውሎ፣ መንገዱ ሰላም ሲሆን እሱ ራሱ እንደሚያደርሰን ነግሮኛል። ምን እንያዝ ብለው፣ «አንተ ስለ ድንጋይ ትጠይቃለህ፤ እዚያ ላይ የሚገድለው ብርዱ ነው። ጋቢ ያዙ፣ ያውም ባለ አራቱን» አለኝ።